ዝንብ የሚሆነው ጭራ

በአገራችን የፈረስ ጭራ እጀታ ተበጅቶለት በሽማግሌና በካህን እጅ ዝንብ ሲያባርር ኖሯል። በሌላው ዓለም ደግሞ የአጋዘንና የጥጃ ጭራ ታጥቦ፣ ቀለም ተነክሮና ተበጥሮ ራሱ ዝንብ ይሆናል። መንጠቆ ላይ በክር ይታሰርና ወንዝ ውስጥ ይጣላል፤ ዓሣው የሚበላ ነገር መስሎት ይጎርሰዋል።

የነገሩን ግማሽ የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋም። ወደ ባሌ ተራሮች የተጓዘ ሰው በዌብ ወይም በዳንካ ወንዝ ዳር ቆሞ ቀጭን ዘንግ ወደፊትና ወደኋላ የሚያወናጭፍ ጎብኚ አይቶ ይሆናል። በእነዚያ ቀዝቃዛ ወንዞች የሚኖረው ትራውት የተባለ ዓሣ የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። የጎብኚው መንጠቆ ላይ ትል የለም፣ ሊጥም የለም። ያለው ከጥፍር የማትበልጥ የጠጉር፣ የላባና የክር ቋጠሮ ናት።

ቋጠሮዋን ያየ ሁሉ የሠሪውን ጣት ያደንቃል። ሥራው ግን ጣቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ይጀምራል፤ ከእንስሳው ገላ ተነሥቶ ቀለም ድስት ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ከዚያም አልፎ፣ ብርቅዬ አውሬዎች ለአንድ መዝናኛ ሲባል መታደናቸው እንዲቀንስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ድስት ነው።

ሁለት ዓይነት ጠጉር በአንድ ቆዳ

አብዛኛው ጠጉራም እንስሳ ድርብ ጠጉር አለው። የላዩ ረጅም፣ ጠንካራና አንጸባራቂ ነው፤ ዝናብና እሾህ ይመክታል። የሥሩ አጭር፣ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሙቀት ይይዛል።

ዝንብ ሠሪው ለሁለቱም የተለያየ ሥራ አለው። የሥሩን ጠጉር ሰም በተቀባ ክር ላይ በጣቱ ያጠነጥነውና የነፍሳቱን ገላ ያበጅበታል። የላዩን ደግሞ ለክንፍ፣ ለጅራትና ለእግር ያውለዋል። እንግሊዞች ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት የኖሩት አንድ ዝንብ ከዱር ጥንቸል ጆሮና ፊት በተላጨ ጠጉርና በወርቃማ ሽቦ የሚሠራ ነው። የአንዲት ጥንቸል ፊት ብቻውን ቡናማ፣ ግራጫ፣ ክሬምና ጥቁር አለው፤ ሠሪው እነዚህን ደባልቆ የወንዙን ነፍሳት ቀለም ያወጣል።

የሰሜን አሜሪካው ነጭ ጭራ አጋዘን፣ እኛ በባሌ ከምናውቀው የደጋ አጋዘን የተለየው ማለት ነው፣ የገላው ጠጉር በውስጡ አየር የቋጠረ ነው። ሠሪው ቁንጥር ጠጉር መንጠቆው ላይ አድርጎ ክሩን ሲያጠብቅ ጠጉሩ ዙሪያውን ተበትኖ ይቆማል። ከዚያ በመቀስ ተከርክሞ የነፍሳት ጭንቅላት ወይም የእንቁራሪት ገላ ይሆናል፤ አየር ስላለውም ይንሳፈፋል። የጭራው ጠጉር ባሕርይ ግን ሌላ ነው። ረጅምና ጠጠር ያለ በመሆኑ ውሃ ውስጥ ይወዛወዛል፤ ትልልቅ ዓሦች የሚያሳድዱትን ትንሽ ዓሣ ለመምሰል ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቦብ ክላውዘር የተባለ አሜሪካዊ በፔንሲልቬኒያ ለሰስኩሃና ወንዝ ከዚሁ ጭራ አንድ ማጥመጃ ሠራ። ሁለት የብረት ዓይን ያለው ይህ ማጥመጃ ዛሬ በወንዝም በባሕርም የሚታወቅ ሲሆን እጅግ የተወደደው ነጭና አረንጓዴ ቢጫው ነው። ነጩ ከአጋዘኑ ጭራ ሥር ይገኛል። አረንጓዴ ቢጫ ጭራ ይዞ የተፈጠረ አጋዘን ግን የለም።

> «አረንጓዴ ቢጫ ጭራ ይዞ የተፈጠረ አጋዘን የለም።»

ከቀለም በፊት ጨው

በሰሜን አሜሪካ የአጋዘን አደን የመጸው ማብቂያ ወግ ነው። አዳኙ ሥጋውን ይፈልጋል፤ ጭራው ብዙ ጊዜ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል። ዝንብ የሚሠራ ጎረቤት ያለው አዳኝ ግን ጭራውን በላስቲክ አድርጎ ያቆይለታል።

ወሳኙ ነገር ፍጥነት ነው። ጭራው ከሥሩ በኩል በቀጭን ቢላዋ ተሰንጥቆ አጥንቱ እስከ ጫፉ ይወጣል። ጫፉ ላይ አንዲት አንጓ አጥንት ብትቀር እንኳ እዚያው ትበሰብስና ጠጉሩ ይረግፋል። ቀጥሎ ሥጋና ስቡ ይፋቃል። በዚህ ላይ የቆዳ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ አንድ ቃል ነው፦ ስብ ያልወጣለት ቆዳ ከጊዜ በኋላ ቅባቱ ወደ ጠጉሩ ይወጣል፣ ይሸታል፣ ነጩን ያወይባል፣ ቀለምም አያስጠጋም።

የተፋቀው ቆዳ ጨው ወይም ቦራክስ በደንብ ይታሸዋል፣ እንጨት ላይ ተወጥሮም ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ጨው እርጥበቱን ስቦ ስለሚያወጣ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ኑሮ ያጣሉ። ለስልሶ መታጠፍ ያለበት ቆዳ፣ ለምሳሌ በቀጭኑ ተተልትሎ መንጠቆ ላይ የሚታሰረው የጥንቸል ቆዳ፣ ከዚህ አልፎ መለፋት አለበት። ለጭራ ጨውና አየር ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጠላት ብል ነው። የብል እጭና የቆዳ ጥንዚዛ ጠጉርና ላባ ይበላሉ፤ አንድ ያልታጠበ ቆዳ ይዟቸው ከገባ የዓመታት ስብስብ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰዎች አዲስ የመጣ ቆዳ ከነባሩ ጋር አይቀላቅሉም። በላስቲክ አሽገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩታል፣ አውጥተው ያሞቁታል፣ እንደገና ይመልሱታል፤ ከመጀመሪያው ብርድ የተረፈ እንቁላል ቢፈለፈል ሁለተኛው እንዲይዘው ነው።

ድስቱ ዳር

ማቅለሙ አብዛኛውን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ትኩስ ኮምጣጤና እርጥብ ጠጉር ሲገናኙ የሚወጣውን ሽታ የቤተሰብ ወጥ ቤት አይችለውም። ድስቱ ኤናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ነው፣ አንዴ ለቀለም ከዋለ በኋላም ምግብ አይሠራበትም። የእጅ ጓንት አይቀርም፤ የቀለሙ ዱቄት ሲበጠበጥም አፍና አፍንጫ ይሸፈናል።

መጀመሪያ ጭራው በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ይዘፈዘፋል። ለጀማሪ ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ደረቅ ጠጉር ወደ ድስቱ ቢገባ ግን በመካከሉ የታመቀው አየር ቀለሙን ስለሚከለክል አንዱ ጋ ደማቅ፣ ሌላው ጋ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ቀለሙ በትንሽ የፈላ ውሃ ይሟሟና ድስቱ ውስጥ ካለው ሙቅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ውሃው ጣት የማያስነካ ይሁን እንጂ መፍላት የለበትም። ያልተለፋ ቆዳ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መኮማተር ይጀምራል፤ ከዚያ ካለፈ ተጠቅልሎ ይደርቅና ጠጉሩን ለመቁረጥ እንኳ አያመችም። ሙቀቱ ካነሰ ደግሞ ቀለሙ ከላይ ብቻ ይቀራል። ባለሙያው ቴርሞሜትሩን ከድስቱ አያርቅም።

ጭራው ገብቶ ጥቂት ሲቆይ ኮምጣጤው ይጨመራል። የዚህን ጊዜ ዓይን የሚያየው ለውጥ አለ፦ ደፍርሶ የነበረው ውሃ እየጠራ፣ ጠጉሩ እየደመቀ ይሄዳል። ምክንያቱ ኬራቲን ነው። ጠጉር፣ ጥፍርና ቀንድ የተሠሩት ከዚህ ፕሮቲን ነው። አሲድ ሲነካው በውስጡ ያሉ ናይትሮጅን የያዙ ክፍሎች አዎንታዊ ሙል ያገኛሉ፤ የቀለሙ ሞለኪውል አሉታዊ በመሆኑ ይሳሳባሉ። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ የቆዳዋ ቀለም ከለቀቀ በኋላ ጥፍሯ ላይ ያለው ቀይ የሚሰነብተው፣ የቆዳው ላይኛ ንብር ቶሎ ተልጦ ሲታደስ ጥፍሩ ግን ኬራቲኑን ከነቀለሙ ይዞ ስለሚቆይ ነው። ጥጥ ይህ ፕሮቲን የለውም። ጭራው የታሰረበት የጥጥ ሲባጎ ከዚያው ድስት ውስጥ ሐመር ሆኖ ይወጣል፤ ጠጉሩ ብርቱካን፣ ክሩ ነጭ ማለት ይቻላል።

> ጠጉሩ ብርቱካን ሆኖ ሲወጣ፣ የታሰረበት የጥጥ ክር ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

ልምድ የሚያስፈልገው መቼ እንደሚወጣ ማወቁ ነው። እርጥብ ጠጉር ከደረቀው ይልቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ድስቱ ውስጥ «ልክ መጣ» ያሉት ሲደርቅ ገርጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ከሚፈለገው ጠለቅ ብሎ መሄድ አለበት። ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይለቀለቃል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ ቆዳው እንጨት ላይ በሚስማር ይወጠራል፣ ጠጉሩም በማበጠሪያ ይፈታል።

ሁሉም ቀለም አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ቢጫና ብርቱካን ቶሎ ይይዛሉ። ጥቁር ያስቸግራል፤ ጥሩ ጥቁር ብዙ ዱቄትና ረጅም ጊዜ ይጠይቃል፣ ያለበለዚያ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ቡናማ ጠጉር ደማቅ እንዲሆን ከተፈለገ አስቀድሞ በፐሮክሳይድ ይነጣል፤ ከበዛበት ጠጉሩ ይሰባበራል። ግራጫ ጠጉር ላይ ቢጫ ቢነከር የወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ ይወጣል፤ ብዙ የወንዝ ነፍሳትም ቀለማቸው ይኸው ነው።

የድሮዎቹ ለዚህ ፒክሪክ አሲድ የተባለ ብሩህ ቢጫ ነገር ይጠቀሙ ነበር። ቀለሙ ውብ ነው፤ ሲደርቅ ግን ፈንጂ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ጥይት ይሞላበት የነበረው ይኸው አሲድ ነው። ዛሬ ማንም አስተዋይ ሰው ቤቱ አያስገባውም።

ቀይ ሱፍ፣ የተደበቀ ቀመር

የዝንብ ታሪክ የሚጀምረው ከተቀለመ ጠጉር ነው። በ200 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን፣ መቄዶንያ ውስጥ አስትሬዎስ በተባለ ወንዝ ሰዎች ዥጉርጉር ዓሣ እንዴት እንደሚያጠምዱ ጽፏል። ዓሣው የሚወደው አንድ በራሪ ነፍሳት ነበር፤ ነፍሳቱ ግን ሰው እጅ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ አጥማጆቹ መንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው ከአውራ ዶሮ ማንቁርት ሥር የተነቀሉ ሁለት ላባዎች ያስሩበት ነበር።

በ1496 እንግሊዝ አገር የታተመውና በተለምዶ ዴም ጁሊያና በርነርስ ለተባለች መነኩሲት የሚሰጠው የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ 12 ዝንቦችን ይዘረዝራል። ገላቸው የተለያየ ቀለም ካለው ሱፍ ነው። ለማጥመጃ ገመድ የሚሆን የፈረስ ጭራ በአሉም፣ በጠላ መሰል መጠጥና በዋልነት ቅጠል እንዴት እንደሚቀለምም ያስተምራል።

በ1676 ቻርልስ ኮተን በአይዛክ ዋልተን የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ ላይ ሁለተኛ ክፍል ሲጨምር፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ምክር ሰጠ። የጠጉርን እውነተኛ ቀለም ለማወቅ መዳፍ ላይ አድርጎ ማየት አይበቃም፤ በዓይንና በፀሐይ መካከል ይዞ ማየት ያስፈልጋል። መዳፍ ላይ ጥቁር የመሰለው የድብ ጠጉር ብርሃን ሲያልፍበት ቀይ ሆኖ ይታያል። ምክሩ ትክክል የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ትራውት ተንሳፋፊውን ዝንብ የሚያየው ከታች ወደ ላይ፣ ሰማይን ከጀርባው አድርጎ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ጠጉር እዚያ ሕይወት ያለው ይመስላል፤ የማያሳልፈው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

በ1900 ገደማ ደግሞ በዴቨን አውራጃ ቲቨርተን ከተማ የሚኖረው አር. ኤስ. ኦስቲን ከአውራ በግ ቆለጥ ላይ የተወሰደ ለስላሳ ጠጉር ከሌሎች ጋር ደባልቆ አንድ ዝንብ አወጣ። ጠጉሩ ቅባቱ ታጥቦ ሲወጣ ብርሃን በደንብ ያሳልፋል። ጠበቃና ታላቅ አጥማጅ የነበረው ጂ. ኢ. ኤም. ስኪውዝ ዝንቡን ስም አወጣለት፣ አስተዋወቀውም። ከአባቷ ከኦስቲን በኋላ ሽያጩን የቀጠለችው ልጅ ከንግዱ እስክትወጣ ድረስ ቀመሩ በምስጢር ተይዞ ቆየ። ገበያው የገዛው የኦስቲንን ድብልቅ ነበር።

አሜሪካም የራሷ ታሪክ አላት። በ1916 ሮይ ስቲንሮድ በካትስኪል ተራሮች፣ ቢቨርኪል ወንዝ ዳር አንድ የፀደይ ነፍሳት አይቶ በቀበሮ ጠጉር አስመስሎ ሠራውና በወዳጁ በሄንድሪክሰን ስም ጠራው። ከእሱ በኋላ የመጣው አርት ፍሊክ ገላውን የሠራው ከሴት ቀበሮ ሆድ ሥር ከሚገኝ፣ በሽንቷ ተቃጥሎ ወደ ሮዝ ካደላ ጠጉር ነው። እዚህ ላይ አቅላሚው ራሱ እንስሳው ነበር። እንዲህ ያለ ጠጉር ከአንዲት ቀበሮ የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ፣ ዛሬ አብዛኛው ሠሪ ነጭ ወይም ቢዥ ጠጉር በቀላል ሮዝ ነክሮ ይጨርሰዋል። ዓሣውም ልዩነቱን ሲያማርር አልተሰማም።

ሕጉና ሌባው

ለረጅም ዘመን የዝንብ ሠሪ ምኞት ሩቅ አገር ያለ አውሬ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የተወደደው ሲል የተባለው የባሕር እንስሳ ጠጉር ነው፤ ጠጣር፣ አንጸባራቂና ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ማንኛውም ቀለም ይደምቅበታል። የዋልታ ድብ ነጭ ጠጉርም ሳልመን ለተባለ ዓሣ ለሚሠራ ዝንብ ክንፍ ይፈለግ ነበር። በ1972 የወጣው የአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ሁለቱንም ከገበያ አወጣ። በ2009 የአውሮፓ ኅብረት የሲል ምርቶችን ንግድ በጥቅሉ ሲያግድ የቀረው በርም ጠበበ።

ክፍተቱን የሞላው ፍየል ነው። የአንጎራ ፍየል ጠጉር ሲቀለም ከሲሉ ጋር ይቀራረባል፤ ናይለንና መሰል ሰው ሠራሽ ጭረቶችም ተጨመሩ። ነባር ሠሪዎች በዚህ አይስማሙም፤ የድሮው አንጸባራቂነት ፈጽሞ አልተተካም ይላሉ፣ አንዳንዱም ከሕጉ በፊት የገዛውን ቁንጥር እየቆጠበ ይጠቀማል። ወጣቶቹ ዓሣው ምን ግድ አለው ባዮች ናቸው። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ደግሞ ለመዝናኛ ሲባል ለጠጉሩ ብቻ የሚረባ ጥንቸልም አይገባም ይላሉ፤ አቅላሚዎቹ የሚመልሱት ቆዳው ሥጋው ከተበላ በኋላ የሚጣል ነው በማለት ነው። ሁለቱም ወገን እንደ ቆዳው ምንጭ እውነት አለው።

ምኞት ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየው የላባው ጉዳይ ነው። በሰኔ 2009 ኤድዊን ሪስት የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ተማሪ እንግሊዝ አገር ትሪንግ ከሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳዎች ሰረቀ። ወፎቹን የፈለገው በቪክቶሪያ ዘመን ቀመር ለሚሠሩ የሳልመን ዝንቦች ነው። ያንኑ ዝንብ በተቀለመ የዝይና የቱርክ ዶሮ ላባ የሚሠሩ ብዙዎች አሉ፤ ከሩቅ የሚለየው የለም።

> ድስቱ ለተራው ጠጉር ቀለም በሰጠ ቁጥር ብርቅዬው አውሬ የመኖር ዕድል ያገኛል።

ኬንያ፣ ሞርሳው ላይ

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ ለሚያልፍ ሰው ጎረቤታችን ኬንያ መልስ አላት። በ1905 ኤዋርት ግሮጋን የተባለ ሰፋሪ ትራውት አምጥቶ በአበርዴር ተራሮች ጉራ ወንዝ ውስጥ ለቀቀ። ከዓሣው ጋር አጥማጁ፣ ከአጥማጁም ጋር ዝንቡ መጣ። ዛሬ ኬንያ ውስጥ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ በእጃቸው ዝንብ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ከሠራተኞቹ መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

ሥራው ማሽን የለውም። ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሞርሳ አለች፣ መንጠቆውን ነክሳ የምትይዝ። ክር፣ መቀስ፣ ሰምና ፊት ለፊት በቀለም በቀለሙ የተደረደረ ጠጉር አለ። ዝንቡ በደርዘን ይቆጠራል፤ አሥራ ሁለቱም አንድ እናት የወለደቻቸው መምሰል አለባቸው። የአንዱ ጭራ ቀለም ከሌላው ከተለየ ደርዘኑ አይመሳሰልም፤ ስለዚህ ትልልቅ አቅላሚዎች ቀለሙንም ጠጉሩንም በሚዛን ለክተው ነው ወደ ድስቱ የሚጨምሩት።

የእኛ ድርሻ

በቅርብ ዓመታት ከበዓል ማግስት የበግና የፍየል ቆዳ ገዢ አጥቶ በየመንደሩ ጥግ ሲበሰብስ አይተናል። ከቄራ የሚወጣው የጥጃ ጭራም ዋጋ ያለው ነገር ሆኖ አይታይም። የጥጃ ጭራ ግን በዓለም ገበያ ለዝንብ ክንፍ ከሚፈለጉ ጠጉሮች አንዱ ነው፤ ጠምዘዝ ያለው ነጭ ጠጉሩ ቀለም በደንብ ስለሚጠጣ በአሥርም በሃያም ዓይነት ተነክሮ፣ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። የጠጉር ሥራም ለእኛ አዲስ አይደለም። የመንዝ ሰው የበጉን ሻካራ ጠጉር ፈትሎ በርኖስና ባና ሲሠራ ኖሯል።

ይህን ስል አገራችን በዝንብ ትበለጽጋለች ማለቴ አይደለም። ገበያው ጠባብ ነው፣ ጥራቱን በሚገባ ያውቃል፣ የእንስሳት ጤና ማረጋገጫ የሌለው ጠጉርም ከድንበር አያልፍም። ነገር ግን የሚጣለውን ጭራ ከሚሸጠው የሚለዩት ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚነሰነስ ጨው፣ ስብ የማያስቀር ቢላዋ፣ የማይፈላ ውሃና ጥቂት ኮምጣጤ። አንዳቸውም ከውጭ ምንዛሪ ጋር አይገናኙም። የቆዳ ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትና በባሌ ጎብኚ የሚያስተናግዱ ማኅበራት ይህን በትንሹ ቢሞክሩት የሚከስሩት ለማንኛውም የሚጣል ጭራ ነው። ቢሳካላቸው ደግሞ የዌብን ትራውት ሊያጠምድ የመጣ እንግዳ ዝንቡን ከዚያው ከባሌ ገዝቶ ይወረውራል።